የድስት ማደሪያ

በአዲስ አበባ አዳዲስ አፓርታማዎች ወጥ ቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ ታይቶ ከሁሉ በታች የሚሠራው ዕቃ ኦቨኑ ነው። ከኪችን ካቢኔቱ ጋር ተገጥሞ ጥቁር መስታወቱ ያብለጨልጫል፤ ደላላው እንኳ «ቢልት ኢን ነው» ሲል ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደርግለታል። ቤቱ ሰው ከገባበት ከአንድ ወር በኋላ በሩ ቢከፈት ግን ውስጡ የሚገኘው ዳቦ አይደለም። ትልቁ የበዓል ድስት አለ፤ በእሱ ውስጥ መካከለኛው፣ በመካከለኛው ውስጥ ደግሞ ክዳኑ የጠፋበት ትንሹ። ከጎን እጀታው ፕላስቲክ የሆነ መጥበሻ ተጋድሟል። በላዩ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ የተቀመጠ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ሌሎች ፌስታሎች። ከሁሉም ሥር፣ ከታሸገበት ላስቲክ ያልወጣ የአጠቃቀም መመሪያ ተኝቷል፤ በብዙ ቋንቋ ተጽፎ በአንዱም ያልተነበበ። ዳቦ መጋገር ያማረው ሰው መጀመሪያ ይህን ሁሉ አውጥቶ ወለሉ ላይ መደርደር አለበት። ደርድሮ ሲጨርስ ግማሹ አምሮት አልፎለታል፤ የቀረውን ከታች ካለው ሱቅ በሚገዛ ዳቦ ያስታግሰዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል መልሱ ከቤት ቤት ብዙ አይለይም። አንዱ «ቆጣሪ ያስሮጣል» ይላል፤ ሌላው «ያስፈራል»። ሁለቱንም የሰነፍ ሰበብ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ግን አይደሉም። ኤሌክትሪክ ገንዘብ ነው፤ እሳትም እሳት ነው፤ ሁለቱን የሚጠነቀቅ ሰው ሞኝ አይባልም። የእኔ ሙግት ጥንቃቄው አድራሻ ተሳስቷል የሚል ነው። ኦቨን በአግባቡ ሲጋገርበት ከሚያመጣው ወጪና አደጋ ይልቅ ቁም ሳጥን ሆኖ ሲቀመጥ የሚያመጣው ይብሳል። የምንፈራው ዳቦ የያዘውን ነው፤ መፈራት የነበረበት ድስትና ፌስታል የታቀፈው ነው።

ከገንዘቡ እንጀምር፤ ከእሳቱ ይልቅ እሱ ቶሎ ያስደነግጣልና። ካቢኔት ውስጥ የሚገጠም የተለመደ ኦቨን ከ2 እስከ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ልኩ በሩ ሲከፈት ጠርዙ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድም በዚያው መንደር ነው፤ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት። ልዩነቱ አሳሳቡ ላይ ነው። ተቆጣጣሪ የሌለው ተራ ምጣድ ከተሰካበት እስከሚነቀልበት ድረስ ያለማቋረጥ ይስባል፤ 3.5 ኪሎዋት የሆነ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ቢቆይ 7 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥሯል። ኦቨኑ ግን ቴርሞስታት አለው። 200 ዲግሪ ከተባለ 200 እስኪደርስ ይስባል፣ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል፣ ሙቀቱ ትንሽ ሲወርድ እንደገና ይበራል። ማዞሪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ስትጠፋ «ተበላሸ» ብሎ የሚደነግጥ አለ፤ ኦቨኑ ግን ገንዘብ እየቆጠበለት ነው። በ2.5 ኪሎዋት ኦቨን አንድ ሰዓት ለሚፈጅ ዳቦ ሒሳቡን ብንሠራ፣ ለማሞቅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በቀረው ጊዜ ሽቦው ግማሹን ያህል እንኳ ቢነድ ሌላ አንድ ይጨምራል። ድምሩ አንድ ተኩል ነው፤ ከምጣዱ ሩብ ያልሞላ። ምጣዱ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ማንም ሳይቆጥርበት ይሠራል፤ ኦቨኑ በዓመት ሁለቴ ቢነካ ቤቱ ሁሉ ቆጣሪው ሥር ይሰበሰባል። ምጣድ ሳለ እንቅብ ተንጣጣ ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እንጀራ ግዴታ ነው፣ ኬክ ቅንጦት ነው፤ ግዴታ ላይ ቅንጦት ሲጨመር ፍጆታው ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ ታሪፉ ደግሞ በእርከን የሚጨምር በመሆኑ የመጨረሻዋ ኪሎዋት ሰዓት ከመጀመሪያዋ ትወደዳለች። እውነት ነው፤ አልከራከርም። ግን ያው እውነት የሚመክረው ኦቨኑን መዝጋት ሳይሆን አንዴ ከሞቀ ወዲያ ባዶውን አለመተው ነው። በአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል የሚበላው የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ዳቦው ሲወጣ ድንቹ ቢገባ፣ ከድንቹ በኋላ በቀረው ትኩሳት የነገው ዳቦ ቆሎ ቢደርቅ፣ ሦስት ሥራ በአንድ ማሞቂያ ተሠራ። ከማለቂያው አሥር ደቂቃ ቀድሞ ማጥፋትም ይቻላል፤ ግድግዳውና ትሪው የያዙት ሙቀት ቀሪውን ይጨርሰዋል። ይህን ለእንጀራ ጋጋሪ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ የመጨረሻዋን እንጀራ ምጣዱን ነቅላ በትኩሳቱ የምታወጣ ሴት የፊዚክስ መምህር አያስፈልጋትም። ያው ሰው ኦቨኑ ፊት ሲቆም ግን የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል።

ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል። ኦቨንን የምንፈራው «የፈረንጅ ነው» ብለን ስለምናስብ ነው፤ ሥራውን ግን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ድፎ ዳቦ እንዴት ይጋገራል? ቡኮው ኩፍ ይላል፤ በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ምጣድ ላይ ይጣላል፤ በላዩ ሌላ ምጣድ ይደፋበታል፤ በዚያ ላይ ፍም ይበተናል። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። መከራ የከበበውን ሰው እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ነደደበት የምንለው ከዚሁ ነው። አሁን የኦቨኑን ማዞሪያ እንይ። አራት ማዕዘን ውስጥ ላይ አንድ ሰረዝ፣ ታች አንድ ሰረዝ ያለበት ምልክት አለ፤ ትርጉሙ ከላይና ከታች ሙቀት ነው። ምልክቱን የሣለው ሰው ድፎ ቀምሶ አያውቅ ይሆናል፤ የሣለው ግን ድፎን ነው። ታች ብቻ ሰረዝ ያለበት ምጣድ ነው። ላይ የተሰባበረ መስመር ያለበት ከላይ ብቻ የሚለበልበው፣ ለሥጋና ለዶሮ ቆዳ የሚሆነው ነው። ማራገቢያው ሙቀቱን እያዞረ ለሁሉም ጥግ ያዳርሳል፤ ስለሚያፈጥነውም በተለመደው 200 ዲግሪ ይጋገር የተባለው በእሱ 180 ይበቃዋል። አምፖሉ ብቻ ያለበት ደግሞ መብራት ነው፤ አምፖሉን አብርቶ ግማሽ ሰዓት ዶሮ የሚጠብቅ ሰው ዶሮውን ሲመለከት ይቆያል እንጂ አይበላም። ይሁን እንጂ አምፖሉም ከንቱ አይደለም። በክረምት ብርድ አልነሣ ያለ ቡኮ በተዘጋ ኦቨን ውስጥ በአምፖሉ ሙቀት ብቻ ኩፍ ይላል።

የቋንቋችንም ነገር አለ። ፉርኖ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በጣሊያንኛ ትርጉሙ ኦቨን ነው። ቃሉን ተቀብለን ለዳቦው ሰጠነው፣ ከዳቦው አልፈን ለዱቄቱ ሰጠነው፤ ራሱ ዕቃው ሲመጣ ስሙ አልቆ ስለነበር ከእንግሊዝኛ ሌላ ተበደርን። ዕቃው ያን ያህል አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 ቶማስ አኸርን የተባለ የኤሌክትሪክ ሰው በካናዳዋ ኦታዋ ለአንድ ሆቴል እንግዶች ሙሉ ግብዣ በኤሌክትሪክ አብስሎ አቅርቧል፤ ያኔ አዲስ አበባ ገና የጥቂት ዓመት ልጅ ነበረች።

የምጣድን ሥርዓት የሚያውቅ የኦቨንን መመሪያ ግማሽ አንብቧል ብል ማጋነን አይመስለኝም። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጣልበትም፤ አዲስ ኦቨንም ሳይሟሽ ምግብ አይገባበትም። ከፋብሪካ ሲወጣ ሽቦው ላይና ግድግዳው ላይ የመከላከያ ቅባት ይቀራል፤ ስለዚህ ላስቲኩና ካርቶኑ ሁሉ ወጥቶ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት ሰዓት ያህል መንደድ አለበት። ጭስና ሽታ ይኖራል፤ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ማሟሸት ነው። ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ የሚያፈስ የለም፤ ኦቨኑ ሳይግል ግን ዳቦ የሚከት ብዙ ነው። ቡኮው ለብ ባለ ሳጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ሊጥ ይሆናል፤ የራበው ቤተሰብም እሳት ካየው ምን ለየው ብሎ ይበላዋል። አክምባሎውን ያለጊዜው የሚያነሣም የለም፤ እንፋሎቱ ካመለጠ እንጀራው ከላይ በደንብ አይበስልም። የኦቨን በር ግን በየአምስት ደቂቃው ይከፈታል፣ «እስኪ ልየው» እየተባለ፤ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ይወርዳል፣ ሽቦው እንደገና ይነዳል፣ ቆጣሪውም ይሮጣል። የሚገርመው በሩ መስታወት ነው፤ ውስጡም መብራት አለ። ሳይከፍቱ እንዲያዩ ተብሎ የተሠራ አክምባሎ ነው፤ እናቶቻችን ቢያገኙት ይመርቁት ነበር።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ያቃጥላል» የሚለው ስጋት ለእኛ አገር እውነተኛ ስጋት ነው፤ ግን ምኑ ነው የሚያቃጥለው? ዲጂታል ሰዓት ያላቸው ብዙ ኦቨኖች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸው እስኪሞላ አይሞቁም። በማዞሪያ ብቻ የሚሠሩት ግን እንደተከፈቱ ይቆያሉ፤ መብራቱ ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ። አንድ የተለመደ ቅዳሜ እናስብ። ማዞሪያው 200 ላይ ሆኖ ዳቦ ሊገባ ሲል መብራት ጠፋ። የቤቱ እመቤት ትንሽ ጠበቀች፣ ተስፋ ቆረጠች፣ ዳቦውን ጎረቤት ወስዳ በከሰል ጋገረች። ወጥ ቤቱ ሲጸዳ ወለሉ ላይ የነበሩት ድስቶች፣ መጥበሻውና የፌስታሉ ጥቅል ወደ ተለመደው ማደሪያቸው ተመለሱ፤ ማዞሪያውን ያየ የለም። ማታ ቤተሰቡ ለቅሶ ቤት ሄደ፤ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ኦቨኑ የታዘዘውን ይሠራል። ፌስታል ከ120 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይቀልጣል፤ የመጥበሻው እጀታ ይከተላል፤ የላስቲክ ጭስ ቤቱን ይሞላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዳቦ የለም። ባዶ የሆነ ኦቨን ሳይጠፋ ቢረሳ ቴርሞስታቱ ይዞት በሙቀቱ ላይ ይቆያል፤ መቆየቱ ብክነት ነው እንጂ በአብዛኛው እሳት አይሆንም። ቃጠሎውን ያመጣው ማደሪያነቱ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ሻማ ፍለጋ ሳይሆን ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መመለስ ነው፤ ሻማው ከዚያ በኋላ ይፈለጋል፣ ማዞሪያው በጨለማም በእጅ ይገኛል።

ሌላው አደጋ የሚመጣው ከጋጋሪው ሳይሆን ከገጣሚው ነው። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ዕቃ 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ ይህ የአንድ ተራ ሶኬት ጣሪያ ነው። ስለዚህ ኦቨን የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ልኩ የሆነ ወፍራም ሽቦና ኧርዝ ያስፈልገዋል። ኦቨንና ምጣድ በአንድ ዲቫይደር ሲሰኩ ዲቫይደሩ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ብሬከር እየወረደ ሲያስቸግር «ትልቅ ቀይሩልኝ» ማለት ደግሞ ሰካራሙን ዝም ለማሰኘት ዘበኛውን እንደማባረር ነው፤ ብሬከሩ የወረደው ሽቦው እንዳይነድ ነው። አናጺው ደግሞ ሥራው እንዲያምር ብሎ የካቢኔቱን ጀርባ ድፍን አድርጎ ይዘጋዋል፣ ክፍተት ያየበትን ሁሉ በሲሊኮን ይሞላዋል። ያ ክፍተት የተተወው ሙቀት እንዲወጣበት ነው። መውጫ ያጣ ሙቀት የአጎራባቹን ካቢኔት ሙጫ ያስለቅቃል፣ ጠርዙን ይልጣል፣ በጊዜ ብዛት የኦቨኑንም ኤሌክትሮኒክስ ይጎዳል። በበሩና በማዞሪያዎቹ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ሞቃት አየር የሚነፍሰውም ለዚሁ ነው፤ ኦቨኑ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው መጮኹን ቢቀጥል «አልጠፋም» ብሎ ከሶኬቱ መንቀል አይገባም፤ ራሱን እያቀዘቀዘ ነው፣ ሲበቃው ይተዋል። ክፍተቷ ላይ ፎጣ የሚሰቀለው ደግሞ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እጀታው ለፎጣ የተሠራ ይመስላል፤ አይደለም።

ቃጠሎ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ከሌላው ሁሉ በላይ እጅ ይጎዳል፤ እሱም እርጥብ ጨርቅ ነው። ከድስት ጋር የኖረ እጅ ሁሌ ጨርቅ ይፈልጋል፤ በአቅራቢያው የሚገኘው ደግሞ ዕቃ ሲታጠብበት የነበረው እርጥቡ ነው። የጋለ ድስትን ጆሮ ለአፍታ ይዞ ለማውረድ ያ ይበቃ ይሆናል። 200 ዲግሪ የጋለ ትሪ ግን በጨርቁ ውስጥ ያለውን ውሃ ወዲያው ወደ እንፋሎትነት ይለውጠዋል፤ እንፋሎቱም ጨርቁን አልፎ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ትሪው መሃል መንገድ ላይ ስለሆነ መጣልም መያዝም አይቻልም። ደረቅ፣ ወፍራም፣ ሁለቱንም እጅ የሚሸፍን ጓንት ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ነው። በሩ ሲከፈትም ፊትን ወደ ኋላ፣ ገላን ወደ ጎን ማድረግ ነው፤ የመጀመሪያው ትኩስ አየር ወጥቶ ይለፍ። የተከፈተ በር መቀመጫ አይደለም፣ የሕፃን መወጣጫም አይደለም፤ ማጠፊያው ይጣመማል፣ ከዚያ ወዲያ በሩ ግጥም አይልም፣ ሙቀቱም ሲያመልጥ ይኖራል። ውስጥ ያለ ቅባት ቢያያዝ ደመ ነፍስ የሚያዘው በሩን ከፍቶ ውሃ መድፋት ነው፤ ሁለቱም እሳቱን ያባብሱታል። በሩ እንደተዘጋ ኃይሉን ማቋረጥ ይበቃል፤ አየር ያጣ እሳት ይሞታል።

ከፍርሃትም ከገንዘብም ያለፈ አንድ ክስ ይቀራል፤ «ሞከርኩት፣ ኬኬን አበላሸው» የሚል። ይህን ክስ በቁም ነገር መውሰድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ኦቨን ወደ ማደሪያነት የተዛወረው በዚህ ፍርድ ነውና። ኬኩ አምሮ ተነሣ፣ ከዚያ መሃሉ ጎደጎደ። ተከሳሹ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃም እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከስልክ ላይ የተገኘው የኬክ አሠራር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። እዚያ ልክ የሆነ ቤኪንግ ፓውደር እዚህ ይበዛል፤ ሊጡ ሳይበስል ይነፋል፣ የሚደግፈው ሳይኖር ይወድቃል። ፓውደሩን መቀነስ፣ ስኳሩን ትንሽ መቁረጥ፣ ወተቱን ወይም ውሃውን መጨመር፣ ሙቀቱን አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ነው መፍትሔው። ሁለተኛው ተከሳሽ መስመሩ ነው። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ 220 የነበረው 190 ቢሆን የሽቦው ኃይል የሚቀንሰው በዚያው ልክ አይደለም፣ ሩቡን ያህል ያጣል። ስለዚህ በአዘቦት በአርባ ደቂቃ የወጣ ዳቦ በዋዜማ ረዘም ያለ ጊዜ ቢጠይቅ ሊደንቅ አይገባም። ሰዓት ሳይሆን ዳቦውን ማየት ነው፤ ሥሩ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ካሰማ ደርሷል፣ ኬክ ከሆነ ስንጥር ተሰክቶ ደርቆ ከወጣ በቅቶታል። ኦቨን ውስጥ የምትንጠለጠል ትንሽ ቴርሞሜትር ብትኖር ደግሞ ክርክሩ ሁሉ ያልቃል፤ ማዞሪያው የሚናገረውና ውስጡ ያለው ሙቀት ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ስለ ሰዓት ከተነሣ የአንዳንዱ ኦቨን ሰዓት ነገር አይታለፍም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እስኪሞላም ሽቦው አይሞቅም። ስንት ባለሙያ «ኦቨኑ ሞተ» ተብሎ ተጠርቶ፣ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ፣ የትራንስፖርቱን ተቀብሎ እንደወጣ ቤት ይቁጠረው። ሰዓቱ ሲሞላም ሌላ ጉባኤ ይከፈታል፤ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? አባት ሦስት ሰዓት ነው ይላል፣ ልጅ ዘጠኝ ይበል ይላል። ኦቨኑ ለሁለቱም ግድ የለውም፤ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው።

ጽዳቱን በአጭሩ ልለፈው። ወለሉ ላይ ፎይል ማንጠፍ ጽዳትን የሚያስቀር ይመስላል፤ ግን የታችኛውን ሙቀት ያፍናል፣ የግድግዳውን ልባስም ያበላሻል። መስታወቱን በሽቦና በቢላ መፋቅ ጭረት ያወጣበታል፤ የተጫረ መስታወት ደግሞ አንድ ቀን ሲግል ያለማስጠንቀቂያ ሊረግፍ ይችላል። ከቀዘቀዘ በኋላ በቤኪንግ ሶዳ ተለውሶ ያደረ ቅባት በጨርቅ ይለቃል።

አሁን የመጨረሻው ተቃውሞ ቀርቷል፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። «እሺ፣ ድስቶቹስ የት ይግቡ?» መልስ የለኝም ማለት ይቻላል። ወጥ ቤቱ ሲነደፍ ስድሳ ሳንቲሜትር ለኦቨኑ ተቆርጦለታል፤ ለዶሮው ድስት፣ ለጠላው ማሰሮ፣ ስድሳ ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ላለው ለምጣዱ ግን ማንም አላሰበም። የባሰው ደግሞ ኦቨኑ በውስጡ አርባ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የበዓሉ ድፎ እንደ ምጣድ ሰፍቶ አይገባበትም፤ ለሁለት ተከፍሎ መጋገር አለበት፣ ለሁለት የተከፈለ ድፎ ደግሞ ለአባወራው ቆርሶ ባርኮ ለመስጠት ክብሩ ይጎድላል። ይህን ሁሉ ያሰበ ቤተሰብ ድስቱን መልሶ ቢያስገባ ልፈርድበት አልደፍርም። አንድ ነገር ብቻ ይጨምር፤ ድስቶቹ ከገቡ በኋላ የብሬከሮቹ ሣጥን ጋ ሄዶ የኦቨኑን ያውርድ። ያኔ በእርግጥ ቁም ሳጥን ይሆናል፤ የመስታወት በር ያለው፣ ሦስት መደርደሪያ ያለው፣ መብራትም ያለው፤ መብራቱ አይበራም እንጂ።